ከሶፋው በላይ የሚሰቀለው ፎቶ ስንት በስንት ይሁን?

ጥያቄ፦
«ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሶፋችን የተደገፈበት የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ዛሬ ባዶውን ቆሟል። ባለቤቴ የሰርጋችንን ፎቶ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሃምሳ አድርገን በካንቫስ እናሳትመው ይላል። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን የተነሳነው፣ ወደ ላይ የሚረዝም ፎቶ ነው። እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከራሴ ምስል ጋር መፋጠጥ ስለሚያሳፍረኝ 30 በ40 ይበቃል እላለሁ። ማተሚያ ቤቱ ትልቁን ነው የሚመክረው። በዚህ መሀል አማቴ የሟቹን የባለቤቴን አባት ፎቶ አምጥተው ‹ሳሎን ላይ ስቀሉልኝ› አሉን። ፖስት ካርድ የምታክል የጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። ግድግዳው 3 ሜትር ከ60 ስፋት አለው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ 2 ሜትር ከ60 ነው። ሶፋው 2 ሜትር ከ20 ይረዝማል፤ መደገፊያው ከወለል 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከሶፋው እስከ ፊት ለፊቱ ወንበሮች 3 ሜትር ያህል ነው። የሰርጉ ፎቶ በቴሌግራም ተልኮልኝ ስልኬ ላይ አለ። ከሁለታችን ማን ነው ትክክል?»
ግድግዳው ያጨቃጨቃት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦
ውድ እህቴ፣ ስለ ቤታቸው የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ «ሳሎናችን መካከለኛ ነው» ብለው ያልፋሉ። አንቺ ግን ሜትር ይዘሽ ለክተሽ ጽፈሻል፤ ስለዚህ እኔም በሴንቲ ሜትር እመልስልሻለሁ።

ማን ትክክል ነው ላልሽው፣ ስፋቱ ላይ ባለቤትሽ ወደ ልኩ ይቀርባል፤ ቁመቱ ላይ ግን ስቷል። ያንቺ 30 በ40 ደግሞ ለዚያ ግድግዳ ጨርሶ አይሆንም። ማተሚያ ቤቱን ለጊዜው እንተወው። በካሬ ሜትር የሚያስከፍል ሰው ትንሹን እንዲመክርሽ አትጠብቂ።

ካንቺ ልጀምር። ከሶፋ፣ ከአልጋ ወይም ከቡፌ በላይ የሚሰቀል ፎቶ የሚለካው ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከሥሩ ካለው ዕቃ ጋር ነው። ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያያቸው። ቤት የሚያስውቡ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ልክ ፎቶው የዕቃውን ስፋት ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲይዝ ነው። ሶፋሽ 220 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የሚፈለገው ስፋት ከ147 እስከ 165 ገደማ ነው ማለት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ ከዚያ ሶፋ አንድ ሰባተኛውን እንኳን አይሞላም፤ ፖስታ ላይ እንደተለጠፈ ቴምብር ይሆናል። ሰው ግድግዳ ላይ ፎቶ ሲሰቅል የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትንሹ ነው። ምክንያቱም ልኩን የሚመርጠው ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በክንድ ርቀት እያየ ነው። እዚያ ትልቅ የመሰለው ፎቶ ሦስት ሜትር ርቆ ሲታይ ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። እሱ ያለውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አቁመን እንየው። የሶፋው መደገፊያ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ከመደገፊያው እስከ ፎቶው የታችኛ ጠርዝ ቢያንስ 15፣ ብታደርጉት ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር መተው አለበት። አለበለዚያ ወደ ኋላ ደገፍ ያለ እንግዳ ሁሉ የራስ ቅባቱን ካንቫሱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶው ከወለል 105 ላይ ይጀምራል። አንድ ሜትር ከሃምሳ ሲደመርበት 255 ላይ ያልቃል፤ ጣሪያችሁ 260 ላይ ነው። ከላይ የሚተርፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ! ትንፋሽ የሚሆን ባዶ ቦታ ያጣ ፎቶ ክፍሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ የገባ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ቤቱ ጠበበኝ ይላል። «እንግዲያው ወደ መደገፊያው እናስጠጋው» ቢልሽ፣ ያ የራስ ቅባት ይጠብቀዋል።

በዚያ ላይ የፎቶው መሀል ከወለል 180 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። ሥዕልና ፎቶ ሲሰቀል መሀሉ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን አካባቢ፣ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሳሎን ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ስለሆነ ከዚያ ቢወርድ እንጂ ቢወጣ አይመከርም። በወላጆቻችን ቤት የምረቃውም፣ የሰርጉም፣ የዘመድ አዝማዱም ፎቶ በጣሪያው ሥር ተደርድሮ፣ ከላይ በገመድ ተስቦ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይሰቀል ነበር። ለክብር ይሁን ከልጆች እጅ ለማራቅ፣ ያ ልማድ እጃችን ላይ ቀርቷል። ሚስማር ስንመታ አሁንም ወንበር ላይ የምንወጣው ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ ወንበር አያስፈልግሽም።

ስለ እፍረትሽ ያነሳሽውን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የገባኝ እሱ ነው። የሚያሳፍርሽ የፎቶው መጠን ሳይሆን የፊትሽ መጠን ነው። ፎቶው ላይ ቁመታችሁ በሙሉ ይታያል እንበል፤ ከፎቶው ቁመት ደግሞ አራት አምስተኛውን ይዛችኋል። ባለቤትሽ ባለው ልክ ቁመታችሁ 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሰው ራስ ከጠቅላላ ቁመቱ ከሰባት እስከ ስምንት እጅ አንዱ ስለሆነ፣ ራሳችሁ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ወደ እውነተኛው ራስ እየተጠጋ ነው። እንግዳው ቡና ሲጠጣ ሁለት ተጨማሪ ሰዎች ከፊቱ ቆመው የሚመለከቱት ይመስለዋል። ያው ፎቶ 60 በ90 ሲሆን ራሳችሁ አሥር ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በሦስት ሜትር ርቀት ማንነታችሁ በደንብ ይለያል፤ አያፋጥጥም። ከወገብ በላይ የተነሳችሁት ፎቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያም እንድታሳንሱት እመክርሽ ነበር።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህንን ነው። የሰርጋችሁን ፎቶ 60 በ90 አድርጋችሁ መሀል ላይ ስቀሉት። ከ105 ይነሳል፣ 195 ላይ ያልቃል፣ መሀሉ ልክ 150 ላይ ያርፋል፤ ከላይ 65 ሴንቲ ሜትር ባዶ ግድግዳ ይተርፋችኋል። ብቻውን ከሆነ ግን ለ220 ሴንቲ ሜትር ሶፋ ይጠብባል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ሁለት 40 በ60 ፎቶዎች ጨምሩበት፤ በመካከላቸው ሰባት ሰባት ሴንቲ ሜትር ተዉ። ደምሪው፦ 40፣ 7፣ 60፣ 7፣ 40፤ 154 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የሶፋሽ ሰባ በመቶ ነው። ከባለቤትሽ አንድ ሜትር የሰፋ ስፋት፣ ካንቺ ትንሽ ፎቶ ያልራቀ ፊት። የሦስቱ የኅትመት ስፋት ሲደመር አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የባለቤትሽ ብቻውን አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ነበር። ሦስቱን ከታች ወይም ከላይ ለማስተካከል አትድከሚ፤ መሀላቸውን አስተካክይ። ትንንሾቹ ከ120 እስከ 180 ይይዛሉ፤ ትልቁ በታችም በላይም 15 ሴንቲ ሜትር ይበልጣቸዋል።

ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ የአማትሽን ጥያቄ ይመልሳል። ሟቹ አባት በአንድ በኩል ይሆናሉ። በሌላው በኩል ማን ይሁን? በደብዳቤሽ ስለ ወላጆችሽ አንድም ቃል አላነሳሽም። እናትሽ ወይም አባትሽ ሳሎንሽ ውስጥ ሲገቡ የልጃቸው አማት በክብር ተሰቅለው የራሳቸው ፎቶ የትም ባይኖር ምንም አይሉ ይሆናል፤ ቅር መሰኘታቸው ግን አይቀርም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ቦታ ለወላጆችሽ ፎቶ እሰጠው ነበር፤ በዚያውም መጠን፣ በዚያውም ፍሬም። ሁለቱ ወገን እኩል ሲሰቀል ግድግዳውም ሚዛኑን ይጠብቃል። የሰርጉ ፎቶ ባለ ቀለም፣ የጎኖቹ ጥቁርና ነጭ ቢሆኑ እንዴት ይሆናል ካልሽኝ፣ ያምራል። የወላጆችሽ ፎቶ ባለ ቀለም ከሆነ ግን ማተሚያ ቤቱ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይርልሽ፤ ሁለቱ ጥንድ ይሆናሉ።

ባለቤትሽ «አንድ ሜትር ከሃምሳ ካልሆነ» ብሎ ከጸና ሌላ መንገድ አለ፦ ልኩን ሳይቀይር ፎቶውን ይቀይር። ከሰርጋችሁ ፎቶዎች መካከል ወደ ጎን የተነሳ፣ ሁለታችሁ አነስ ብላችሁ ዛፉና ሰማዩ ሰፋ ብሎ የሚታይበት ካለ፣ 150 በ100 ሆኖ ከዚያ ሶፋ በላይ በደንብ ይቀመጣል። ከ105 እስከ 205 ይይዛል። ፎቶው ትልቅ ቢሆንም ፊታችሁ ትንሽ ስለሚሆን አንቺንም አያሳፍርሽም። የአባትየው ፎቶ ያኔ ሌላ ግድግዳ ይፈልጋል።

አሁን ከልኩም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር፣ ያ ስልክሽ ላይ ያለው ፎቶ ነው። እባክሽ እሱን ይዘሽ ማተሚያ ቤት እንዳትሄጂ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ነው የሚደርስሽ፤ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል፣ ማለትም ወደ 1280 የምስል ነጥብ ይወርዳል። የፎቶ ኅትመት የሚለካው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚገባ ነው። እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ 300 ነጥብ ይመረጣል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሁለትና ከሦስት ሜትር ለሚታይ 150 ይበቃል፤ ካንቫስ ሸካራ ስለሆነ ከዚያ ትንሽ ቢያንስም ይሸከማል። ያንቺ 1280 ፒክስል በ90 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 36 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ባለቤትሽ ባለው አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ደግሞ 22። ቬሉ ወደ ጭጋግ፣ ዓይናችሁ ወደ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀየራል። ስልክ ላይ ስታዪው ጥርት ያለ የሚመስልሽ የስልኩ መስታወት ትንሽ ስለሆነ ነው።

ፎቶ አንሺውን ፈልጊውና ዋናውን ፋይል ጠይቂው፤ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይላክልሽ። እንደ ፋይል ሲላክ አይጨመቅም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሆነ ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ በ90 ሴንቲ ሜትር ላይ በኢንች 169 ነጥብ ይሰጥሻል፤ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ዓመት አልሞላም ብለሻልና ፋይሉ አሁንም እጁ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ግን አትዘግዪ። ሃርድ ዲስክ ይሞላል፣ ይበላሻል፣ ይጠፋል።

ለአባትየው ፎቶ ነገሩ ይለያል። ፖስት ካርድ የምታክል ካልሽ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በስካነር በኢንች 600 ነጥብ ብታስነሷት ረጅሙ ጎን ወደ 3540 ፒክስል ይመጣል። እሱን 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ስታሳትሙት በኢንች 200 ነጥብ አለው። ስለዚህ ፎቶውን 30 በ45 አሳትሙትና በዙሪያው ነጭ ካርቶን አስገብታችሁ በ40 በ60 ፍሬም ውስጥ አስቀምጡት። ያ ነጭ ካርቶን ጌጥ ብቻ አይደለም። አሮጌ ፎቶ ብዙ ሲለጠጥ ጭረቱና ቅንጣቱ አብሮ ይለጠጣል፤ ካርቶኑ ፎቶውን ሳታሳድጊ በግድግዳው ላይ የሚይዘውን ቦታ ያሳድግልሻል። ፎቶዋን በስልክ ካሜራ ከመስታወት በላይ አንስተሽ እንዳትወስጂ፤ ነጸብራቁ ይገባበታል። ከፍሬሟ አውጥታችሁ ስካን አስደርጉ። ፎቶዋ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቃ ከሆነ ግን ለመላጥ አትሞክሩ፤ የፎቶዋ የላይኛው ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ ከነመስታወቷ ስካን ትደረግ።

ማተሚያ ቤቱ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናጥራው» ሊልሽ ይችላል፤ ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ ይላሉ። ጭረት ለማጥፋት ከሆነ ይሁን። ፊት ለማጥራት ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። መሣሪያው የሌለውን ዝርዝር ከራሱ ፈጥሮ ስለሚሞላ፣ የሚወጣው ጥርት ያለ ግን የሌላ ሰው ፊት ሊሆን ይችላል። አማትሽ ባለቤታቸውን የሚያውቁት በዚያች በደበዘዘችው ፎቶ ነው። ከመታተሙ በፊት አሳዪያቸውና እሳቸው «እሱ ነው» ይበሉ።

ስታዢ ልብ የምትያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ እዚህ የሰጠሁሽ ልክ ሁሉ የውጭ ልክ ነው። ለ60 በ90 ፎቶ አምስት ሴንቲ ሜትር ካርቶንና ሦስት ሴንቲ ሜትር ፍሬም በየጎኑ ካስጨመርሽበት 76 በ106 ሆኖ ይመጣል፤ ሒሳባችንም ይፈርሳል። «ፍሬሙን ጨምሮ 60 በ90» በይ። ሁለተኛው የካንቫሱ ጎን ነው። ካንቫስ በእንጨት ላይ ሲወጠር ጠርዙ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ በየጎኑ ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር ይበላል። እግራችሁ ወይም የቬልሽ ጫፍ ከፎቶው ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ከሆነ ታጥፎ ይቀራል። ጎኑ ነጭ ሆኖ ይቅር በያቸው። ከወረቀቱ ልክ ጋርም እንዲሁ ነው። 60 በ90 እና 30 በ45 ከካሜራው ቅርጽ ጋር ይገጥማሉ፤ «50 በ70 ነው ያለን» ካሉሽ ግን ከፎቶው አንድ ነገር መቆረጡ አይቀርም። ምን እንደሚቆረጥ በስክሪን ላይ አሳዩኝ ሳትይ ገንዘብ አትክፈይ። ከቻሉ ደግሞ የፊታችሁን ክፍል ብቻ በእውነተኛው መጠን በኤ4 ወረቀት ላይ አትመው ያሳዩሽ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጥራቱን ሦስት ሜትር ርቀሽ እዪው።

ለመካከለኛው ካንቫስ፣ ለጎኖቹ ፍሬም ከመስታወት ጋር ብትመርጪ ቅር አይለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ካንቫስ መስታወት ስለሌለው የዕጣኑንና የከሰሉን ጭስ ይጠጣል። ቡና የሚፈላው ከሶፋው ፊት ለፊት ከሆነ ችግር የለም፤ ከሥሩ ከሆነ ግን ሦስቱንም በመስታወት አድርጓቸው። ግድግዳው ከትልቅ መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ መስታወቱ መስኮቱን እንጂ ፎቶውን አያሳይሽም፤ ያኔ የማያንጸባርቅ ወረቀትና ካንቫስ ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ግን ምንም ፎቶ አይሰቀል፤ ይነጣል።

ከማዘዝሽ በፊት ክርክራችሁን የምትፈቱት በጋዜጣ ነው። አሮጌ ጋዜጣ አያይዛችሁ አንዱን 60 በ90፣ ሁለቱን 40 በ60 ቁረጡ፤ ከሶፋው በላይ በሚላጥ ፕላስተር ለጥፏቸው። የባለቤትሽንም 100 በ150 ቁረጪለት፤ ሳይሞከር ተሸነፍኩ እንዳይል። ተራ በተራ ለጥፋችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉአቸው። በር ከፍታችሁ ስትገቡ እዩ፤ ከፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እዩ፤ መብራት ሲበራ እዩ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሚያይ የለም፤ ፎቶው ከጀርባው ነው። አማትሽ ሲመጡ የሚቀመጡበት ቦታ የታወቀ ከሆነ እዚያም ተቀምጠሽ እዪ።

ለመስቀል ስትደርሱ፣ የፎቶው ማንጠልጠያ ገመድ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚወርድ ለኪ። ስምንት ሴንቲ ሜትር ከወረደ፣ የመሀለኛው ፎቶ ጫፍ 195 ላይ ስለሆነ ቀዳዳው የሚበሳው 187 ላይ ነው። ብዙ ሰው ሚስማሩን 195 ላይ መትቶ ነው «ለምን ወረደ» የሚለው። የመሀል መስመሩን የምትወስዱት ከሶፋው መሀል እንጂ ከግድግዳው መሀል አይደለም፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ሶፋው ያሸንፋል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሚስማር ሲመታበት ልስኑ ይረግፋል፣ ሚስማሩም አይጸናም። በድሪል ተበስቶ ፊሸር፣ ማለትም ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ ይግባበት፤ ብሎኑ በዚያ ይያዝ። በ60 በ90 ፍሬም ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር መስታወት ብቻውን ሦስት ኪሎ ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ሁለት ቀዳዳ ይሁን፤ ፎቶውም በአንድ ነጥብ ላይ እንደተሰቀለው አይዘምም። ከማብሪያና ማጥፊያ ወይም ከሶኬት ቀጥታ በላይና በጎን አትብሱ፤ የመብራት ገመድ በዚያ ሊያልፍ ይችላል። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ አለ።

ለመኝታ ቤቱም ሒሳቡ ያው ነው፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ለሆነ አልጋ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ይበቃል። ከራስጌ በላይ ከሆነ ግን መስታወት አታድርጉበት። በመተላለፊያው ላይ ሰው ተጠግቶ ስለሚያይ ያ ያንቺ 30 በ40 እዚያ ቦታውን ያገኛል፤ ሦስት አራት ሆኖ በአንድ መስመር ቢሰለፍ ደግሞ የተሻለ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ምንም አትስቀዪ፤ ማንም አያየውም።

አማትሽ ያመጧትን ፎቶ ስካን ካስደረግሽ በኋላ ዋናዋን በራስሽ እጅ መልሺላቸው፤ ማተሚያ ቤት እንዳታድር። ፋይሉን ደግሞ ለባለቤትሽ እኅትና ወንድሞች ላኪላቸው፤ እንደ ፋይል።